በጉም ውስጥ ስም ሲጠራ

ደብረ ብርሃን ውስጥ በቀን ስንት ነገር እንደሚጮህ አንድ ጊዜ ልቆጥር ሞክሬ ተውኩት። ስልክ ይጮሃል። ባጃጅ ይጮሃል። ሰርግ ያለበት ቤት የተከራየው ሞንታርቦ ከዓርብ እስከ እሁድ ይጮሃል። ቁርስ ሳልበላ ቢሮ ከገባሁ ሆዴ ይጮሃል፣ አጠገቤ የምትቀመጠው ሴትዮም ሰምታ ትስቃለች። አለቃችን ይጮህብናል። ባለፈው አንድ ቀይ ሹራብ ገዝቼ ብለብስ «ኧረ ይሄ ልብስ ይጮሃል» አሉኝ። ልብስ ሳይቀር ይጮሃል እንግዲህ። ይህ ሁሉ እየጮኸ ቀና ብሎ የሚያይ ሰው ግን የለም።

እናቴ ይህን ስትሰማ ትሳቀቃለች። እሷ ባደገችበትና እኔንም ባሳደገችበት በአንኮበር አፋፍ ላይ መጮህ በየደረሱበት የሚያነሱት ቃል አይደለም። ሰው ሰውን ሲፈልግ ይጣራል እንጂ አይጮህም። ልጅ ሆኜ ከሸንተረሩ ወዲያ ያለች ጓደኛዬን በሙሉ ድምፄ ስጠራ እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «ተጣሪ እንጂ አትጩሂ፤ የሰው ልብ ታወልቂያለሽ» ትለኝ ነበር። መጣራት ስሙን ጎተት አድርጎ፣ መጨረሻውን ወደ ላይ አንስቶ ነው። ማዶ ያለው ሰው ዜማውን ሰምቶ ሥራውን ሳያቋርጥ ይመልሳል። ጩኸት ግን ለክፉ ነገር ብቻ ነው። ለእሳት፣ ለሞት፣ ለአውሬ፣ ገደል ለገባ ሰው። ጩኸት የሰማ ምን ተፈጠረ ብሎ አይጠይቅም። መጀመሪያ ያለበት ቆሞ እሱም ይጮሃል፤ ከሱ ቀጥሎ ላለው ሸንተረር ማቀበሉ ነው። ከዚያ ጩኸቱ ወደመጣበት ይሮጣል፤ ወንዱ ማጭዱን እንደያዘ፣ ሴቷ ሊጡ እጇ ላይ እንዳለ። በከንቱ የጮኸች ሴት ወሬዋ ዕድሜ ልኳን ይነሳል።

አንድ ሌላ ሕግም ነበረን። እሱን አስቀድሜ መናገር አለብኝ፤ ጣጣዬ ሁሉ የመጣው በሱ ነው።

የኛ አፋፍ ከታች ከቆላው፣ ከአልዩ አምባ በኩል፣ ጉም ይወጣበታል። ልብስ ከአጥር ላይ ሰብስቦ ዘወር እስኪባል ድረስ ቤቱ ይጠፋል። እናቴ ልጅ ሳለች ታላቅ ወንድሟ፣ ሊያገባ ቀን የተቆረጠለት ጎልማሳ፣ በእንዲህ ያለ ጉም ወደ ማሳው ሲወርድ ስሙ ሲጠራ ሰማ። «ወይ» ብሎ መለሰ። መመለሱን እቤት ያሉት ሁሉ ሰምተውታል፤ ከቤት የጠራው ሰው ግን አልነበረም። ወደጠራው ድምፅ ሄደ፣ ድምፁ የመጣው ደግሞ ከገደሉ በኩል ነበር። ሬሳውን ያወጡት በማግስቱ ነው።

ከዚያ ወዲህ በኛ ቤት፣ በኋላም በጎረቤቱ ሁሉ፣ ጉም ውስጥ ስሙ የተጠራ ሰው አንደኛውን አይመልስም። ሁለተኛውንም አይመልስም። ሦስተኛው ከመጣ ጠሪው ሰው ነው፣ ያኔ ይመልሳል። ያ ነገር ሦስት መጥራት አይችልም፤ ሦስት የሥላሴ ነው ትላለች እናቴ። ስሙን አትጠራውም፣ «ያ» ብቻ ነው የምትለው። የሚጣራውም ሰው በበኩሉ ግዴታ አለበት። ጉም ውስጥ ሰው መጥራት ከጀመረ ሦስቱን ይጨርሳል። ሁለት ጠርቶ የሚተው ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር።

ያን ጊዜ እንዴት እፈራ እንደነበር አይነገርም። ጉም ውስጥ ቆሜ እናቴ አንዴ ስትጠራኝ እሰማለሁ፣ ድምፁ የሷ ነው፣ አፌ ላይ «አቤት» ይመጣና ውጬ አስቀረዋለሁ። ሁለተኛውን ትጠራለች። ከሁለተኛው እስከ ሦስተኛው ያለችው ጊዜ ነበረች የምትገለኝ። ትንፋሼን ይዤ፣ እግሬን መሬት ላይ ተክዬ፣ ባይመጣስ እላለሁ። እናቴ ግን አንድም ቀን ሳትጨርስ ቀርታ አታውቅም።

አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆነኝ ለትምህርት ደብረ ብርሃን መጣሁና ድምፄ መሳቂያ ሆነ። ክፍል ውስጥ ስጠየቅ የምመልሰው ከማዶ ላለ ሰው እንደምመልስ ነበር። «አንቺ፣ ወንዝ ማዶ ነን እንዴ?» ይሉኛል። አከራዬ ደግ ሴት ነበሩ፤ እሳቸውም «ልጄ፣ ጎረቤት የተጣላን ይመስለዋል፣ ቀስ በይ» አሉኝ። አንድ አስተማሪ ደግሞ ልጆቹ ፊት ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ ሰማኝ። ያን ቀን ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ፣ ያውም ድምፄን አፍኜ። ከዚያ ድምፄን ዝቅ ማድረግ ተማርኩ። እልኸኛ ነኝ፣ ከጀመርኩ አልመለስም። የዛሬ ማንነቴን የሚያውቅ ሰው መዝገብ ቤት ፋይል ስታወጣ ኮቴዋ እንኳ የማይሰማ ሴት አድርጎ ነው የሚያውቀኝ። «እሷ እኮ ጨዋ ናት፣ ድምፅዋ አይሰማም» ሲሉ ሰምቼ ደስ ብሎኝ አውቃለሁ። ያ ደስታዬ አሁን ያንገበግበኛል።

የዛሬ ሦስት ዓመት ጳጉሜ ላይ፣ መንገዱ ሰላም ነው ሲባል ሰምቼ፣ ለበዓሉ ዘይትና ስኳር ይዤ በሚኒባስ ወደ እናቴ ሄድኩ። ብቻዋን ነበር የምትኖረው። አባቴ ካረፈ ቆይቷል፣ ልጇም እኔ ብቻ ነኝ። ምሳ በላን፣ የሰፈሩን ወሬ ሁሉ ነገረችኝ፣ ከስቻለሁ ብላ ተቆጣችኝ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ብድግ አለች። ከግቢው በታች ካለው እርከን ላይ ያሰረቻትን በግ ፈትታ ልታመጣ ነው።

«እኔ ልሂድ» አልኳት።

«በዚህ ጫማ? ቁጭ በይ፣ መጣሁ።»

ጫማዬን አየሁት። እውነቷን ነው፣ ለአስፋልት የተሠራ ጫማ ነው። ደስ ብሎኝ ቁጭ አልኩ፤ ይህንንም አልደብቅም። ስልኬን አውጥቼ አንዱን መልእክት ስመልስ፣ ሌላውን ስከፍት ቆየሁ።

ቀና ስል በሩ ነጭ ሆኗል። ግቢው የለም፣ አጥሩ የለም፣ እደጁ ላይ ያለው ባሕር ዛፍ ግንዱ ብቻ ቀርቷል። ስትወጣ ስንት ሰዓት እንደነበር ለማስታወስ ሞከርኩ። በጓ የታሰረችበት ሄዶ ለመመለስ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ግማሽ ሰዓት ሳያልፍ አይቀርም።

ወጥቼ በአጥሩ እየተደገፍኩ እስከ አፋፉ ሄድኩ። ከዚያ ወዲያ መሄድ አልደፈርኩም፤ ከእርከኑ ጠርዝ በታች ምን እንዳለ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። እርጥበቱ ፊቴ ላይ ያርፋል፣ ከታች ምንም ድምፅ የለም። በጓም ድምፅዋ አይሰማም።

አፌን ከፈትኩ። የወጣው መዝገብ ቤት ውስጥ «ይቅርታ፣ አንዴ» የምልበት ድምፅ ነው። «እማዬ» አልኩ። አምስት እርምጃ አያልፍም። ከዚያ ምን ባደርግ ጥሩ ነው፣ የሰማኝ ሰው እንዳለ ብዬ ዞር ዞር አልኩ። የገዛ እግሬ በማይታየኝ ጉም ውስጥ ቆሜ አፈርኩ። ሰው ሲጃጃል እንዲህ ነው።

እንደገና ሞከርኩ። «እማዬ» ስል ድምፄ መሃል ላይ ተሰነጠቀ፤ ቀጭን፣ የሚንቀጠቀጥ፣ የኔ የማይመስል ሆኖ ወደ ታች ወረደ። ቆሜ አዳመጥኩ። ጆሮዬ ይጮሃል፣ ከዚያ ውጭ ምንም የለም።

እዚያ ብትሆን ትመልስልኝ ነበር ብዬ አሰብኩ። ካልመለሰች እዚያ የለችም። በላይኛው መንገድ ዞራ ጎረቤት ገብታለች ማለት ነው። ከተማ እንዲህ ነው የሚታሰበው፤ ሰው ካለ ይመልሳል፣ ካልመለሰ የለም። ሕጉን ረስቼው ነበር እላለሁ፣ ለራሴ የምነግረው ይህንን ነው። እሪ ብዬ ጎረቤቱን ልጥራ ብልም ደግሞ፣ እሷ አንዱ ቤት ቁጭ ብላ ጨዋታ ላይ ከሆነችስ? የከተማዋ ሴትዮ በከንቱ አስጮኸችን ሊሉኝ ነው። ዞሬ ወደ ላይ ወጣሁ። እየሮጥኩም አልነበረም። ፈጠን ፈጠን ብዬ እየተራመድኩ ነበር።

የጎረቤታችን ቤት ከኛ በላይ ነው። ሴትየዋ የእናቴ እኩያ ናቸው፣ እትዬ ነው የምላቸው። በሩ ላይ ቆሜ፣ በዚያው በጨዋ ድምፄ፣ እናቴ እዚህ መጥታ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«አልመጣችም። ምነው?»

«በግ ልታመጣ ወርዳ ቆየች። ብጠራት አልመለሰችልኝም።»

እጃቸው ላይ የነበረውን ወንፊት አስቀመጡ። «ስንት ጊዜ ጠራሻት?»

እሳቸው እያዩኝ ነው። ሁለት ጣቴን አሳየኋቸው።

ሴትየዋ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ወጡና ደጃቸው ላይ ቆመው ጮኹ። ከልጅነቴ ወዲህ ያን ድምፅ ሰምቼው አላውቅም። «እሪ» የሚለው ቃል ከሆዳቸው ነው የሚወጣው፣ ዝም ብሎ ይረዝማል፣ ማለቂያ የለውም። ጉሙ ዋጠው ስል ከቀኝ በኩል አንድ ወንድ ተቀበለ። ከሱ ወዲያ ሌላ። ከዚያ ከላይ ከመንገዱ በኩል ሴቶች። አንዱም ሰው አይታየኝም፤ ነጩ ጉም ራሱ በየአቅጣጫው የሚጮህ መሰለኝ። ፈራሁ። እናቴ ሞታ ሰው እያረዳኝ ያለ ነበር የመሰለኝ፣ ሴትየዋ በክንዴ ይዘው ጎተቱኝ።

አፋፉ ላይ ስንደርስ የእግር ኮቴ ከኋላችን ይሰማል፤ ሰዎቹ ምን እንደሆነ ሳያውቁ እየመጡ ነው። ሴትየዋ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው ሁሉንም ዝም አሰኙ።

«ጥሪያት» አሉኝ። «አንቺ ነሽ የምትጠሪያት። እንደ ልጅነትሽ አድርገሽ ጥሪያት።»

ጠራኋት። ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ሃያ ዓመት የቀበርኩት ድምፅ ወጣ። ጎተት አድርጌ፣ መጨረሻውን አንስቼ ጠራኋት። ዝም። ሁለተኛውን ጠራኋት። ዝም። ከኋላዬ የሚተነፍስ ሰው እንኳ የለም። ሦስተኛው አፌ ላይ ደረሰና ቆመ። ይህንን ጠርቼ ካልመለሰች ሌላ የምጠራው የለኝም። ሴትየዋ ወገቤን ነካ አደረጉኝ። ጠራሁ።

«ወዬ» አለች ከእግራችን ሥር።

በጣም ቅርብ ነበረች። ቆሜ ከጠራሁበት አሥር እርምጃ አይሆንም። ወደ በጓ ስትወርድ የእርከኑ ጠርዝ ረጥቦ ከድቷት ወድቃ፣ እግሯ ተሰብሮ፣ አንድ የአስታ ቁጥቋጦ ይዟት ጠባብ ደፍ ላይ ቀርታለች። ከደፉ በታች ገደሉ ነው። በጓ ከላይ እንደታሰረች ሣሯን ትግጣለች። ወንዶቹ በገመድ ወርደው አወጧት፣ በቃሬዛ እስከ መንገድ ተሸከሟት። መኪና እስኪመጣ ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም።

መኪናው ውስጥ ጭንቅላቷ ጭኔ ላይ ነው። ሕመሙ ሲለቃት ዓይኗን ገለጠች።

«ያ መጥቶብኝ ነበር» አለችኝ በሹክሹክታ። «አንቺን መስሎ ጠራኝ። እማዬ አለኝ፣ ሁለቴ። ድምፁ ያንቺን ይመስላል፣ ግን ቀጭን ነው፣ የተሰነጠቀ። ሦስተኛውን ስጠብቅ ዝም አለ። ያኔ አወቅሁት። ነጠላዬን ተከናንቤ፣ አፌን በእጄ ይዤ፣ እንዳይሰማኝ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ቆየሁ። ልጄ ብትሆን ኖሮ ትጨርስ ነበር።»

«አይዞሽ እማዬ» አልኳት። እጇን ያዝኩ። ትንፋሿን ዋጥ ያደረገችው ከኔ ተደብቃ ነው፤ ያን ሁሉ ጊዜ የተንቀጠቀጠችው እኔን ፈርታ ነው። ይህን ለመንገር አፍ አልነበረኝም።

እግሯ ከዳነ ወዲህ እኔው ጋ ነው የምትኖረው፣ ደብረ ብርሃን። በምርኩዝ ትሄዳለች። ከተማው አይመቻትም። መጀመሪያ ሰሞን መንገድ ላይ ሰው በጮኸ ቁጥር ምርኩዟን ይዛ ወደ በሩ ትነሳ ነበር። «ምን ሆኑ?» ትላለች። «ምንም አልሆኑም እማዬ፣ የታክሲ ረዳት ነው፣ ጫጫ ጫጫ እያለ ወደዚያ የሚሄድ ሰው እየጠራ ነው» እላታለሁ። አሁን መነሳቱን ትታዋለች። የመጣ እንግዳ ሁሉ ፊት ግን ያንን ታሪክ ታነሳለች። ያ እንዴት የልጄን ድምፅ እንደሰረቀ፣ እንዴት እንዳወቀችበት፣ እንዴት ሥላሴ እንዳተረፏት። እንግዶቹ ያማትባሉ። እኔ ዳቦ እቆርሳለሁ፣ አንዳንዴም «አዎ» እላለሁ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ጉም ኖረም አልኖረም፣ ቤት ውስጥ ይሁን ደጅ፣ እናቴ ሦስቴ ካልተጠራች አትመልስም። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት በሯ ላይ ቆሜ እጠራታለሁ። አንደኛው ዝም ነው። ሁለተኛው ዝም ነው። በህይወት ያለች ሰውና የሞተች ሰው እስከዚህ ድረስ አንድ ናቸው። ዕድሜዋ እየገፋ ነው፣ ሌሊት ያስላታል፣ የደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ ምሕረት የለውም። ሁለተኛውን ጠርቼ እጄን በሩ ላይ አድርጌ የምቆምባት ጊዜ በየጠዋቱ ታንቀጠቅጠኛለች። ሰው ለእናቱ ደህና አደርሽ ለማለት እንዲህ ይፈራል?

ባለፈው ሳምንት ሦስተኛውን ጠርቼ አልመለሰችም።

ቆምኩ። ካፊያው ቆርቆሮው ላይ ይሰማል። ከዚያ ጮህኩ። ስሟን አልነበረም የጠራሁት፣ ጩኸት ነው የወጣኝ፣ የዚያን ቀን የእትዬ ዓይነት ጩኸት። የግቢው ተከራዮች በራቸውን ከፍተው አዩኝ፤ አንዷ ጎረቤት ብቻ የጥርስ ብሩሿን አፏ ውስጥ እንዳደረገች እየሮጠች መጣች። በሩን ገፍተን ገባን። እናቴ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ዓይኗን ታሻለች።

«ምን ያስጮህሻል?» አለችኝ።

ጆሮዋ ደክሟል ለካ። ምንም አልሰማችም ነበር፤ የቀሰቀሳት ጩኸቴ ነው። ጎረቤቴ ደረቷን ይዛ ስቃ ወጣች። እኔ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እናቴ ግራ ገብቷት ጀርባዬን ታሻለች።

«ያን ቀን እኔ ነበርኩ» አልኳት። ዝቅ አድርጌ ስለተናገርኩ አልሰማችኝም። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩላት። «ጉሙ ውስጥ ሁለቴ የጠራሁሽ እኔ ነኝ፣ እማዬ። ያ አልነበረም።»

እጇ ጀርባዬ ላይ ቆመ። ግድግዳውን ነበር የምታየው።

«ታዲያ ሦስተኛውን ለምን ተውሽው?»

ረስቼ ነው ልላት ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ለራሴ ያልኩት እሱን ነው። አፌ ላይ ግን ሌላ መጣ።

«ፈራሁ። ሦስተኛውንም ጠርቼ ካልመለሽልኝስ ብዬ ፈራሁ።»

እናቴ ነጠላዋን ከትራስጌዋ አንስታ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች።

«እኔ እኮ» አለች፣ «ልመልስልሽ አፌን ከፍቼ ነበር።»